«ቀላል ሥራ ይሰጣት» የሚል ደብዳቤ ለምን አይሠራም? ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ሥራ ስለመመለስ

የሰው_ኃይል_ዴስክ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሐኪም ቤት የሚመጡ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያልቁት በአንድ መስመር ነው፤ «ሕክምናዋን ስላጠናቀቀች ቀላል ሥራ ላይ እንድትመደብ»። በቅንነት ነው የሚጻፈው፤ ሥራ ቦታ ሲደርስ ግን ዋጋ የለውም። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ «ቀላል ሥራ» ሲባል አለቆች የሚያስቡት ፓኪንግን ነው፤ ፓኪንግ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ማንሳት ነው። መሥሪያ ቤት ከሆነ መዝገብ ቤት ትላካለች፤ እዚያ የሚጠብቃት ከራስ በላይ ካለ መደርደሪያ ቦክስ ፋይል ማውረድ ነው። የብብት ንፍፊቷ ወጥቶ ትከሻዋ ገና ላልተፍታታ ሴት ሁለቱም ከቀድሞ ሥራዋ ይከፋሉ።

መፍትሔው የሥራ ስም መጻፍ ትቶ ገደቡን መጻፍ ነው፦ የትኛው ክንድ፣ ስንት ኪሎ፣ እስከ ምን ከፍታ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ እስከ መቼ። ሐኪሙ ፋብሪካ ገብቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ሠራተኛዋ ሥራዋን በግማሽ ገጽ ጽፋ ይዛ ትሂድ። ስንት ሰዓት ትቆማለች፣ ስንት ትቀመጣለች፣ የምታነሳው ዕቃ ስንት ኪሎ ነው፣ በሰዓት ስንት ጊዜ ታነሳለች፣ ሙቀት አለ ወይ፣ ሌሊት ትገባለች ወይ። ሐኪሙ ያንን አይቶ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«ሠራተኛዋ ከጥቅምት 10 ጀምሮ ሥራ መመለስ ትችላለች። በግራ ክንዷ ከ3 ኪሎ በላይ አታንሳ። ክንዷን ከትከሻ በላይ ከፍ አድርጋ ተደጋጋሚ ሥራ አትሥራ። ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በቀን 4 ሰዓት፣ ለቀጣዮቹ 2 ሳምንታት በቀን 6 ሰዓት ትሥራ። በየሰዓቱ የ10 ደቂቃ እረፍት ያስፈልጋታል። የሌሊት ፈረቃና ትርፍ ሰዓት አይመደብላት። ገደቡ ኅዳር 8 እንደገና ይታያል።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ከሁሉ የምትበልጠው ግን እሷ ናት። ቀን የሌለው ገደብ አለቃን ያስፈራል፤ «ይህች ሴት ለዘላለም እንዲህ ልትሆን ነው» ብሎ ያስባል። ቀን ሲኖረው ይቀበለዋል።

ፊዚዮ_ነኝ፦
ጥሩ ናሙና ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ 3 ኪሎ የሚለውን ሁሉም ሰው እንዳይገለብጠው። ቁጥሩ የሚወሰነው በቀዶ ሕክምናው ዓይነት፣ ካለፈው ጊዜና ከትከሻው እንቅስቃሴ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ 4 እስከ 6 ሳምንት እስኪሞላው ከባድ ነገር አለማንሳት የተለመደ ምክር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ክንዱን «እንዳይታመም» ብሎ አቅፎ ማስቀመጥ ራሱ ጉዳት ነው፤ ትከሻው ይደርቃል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ በኋላ ትንሽ ሸክም እንኳ ይከብደዋል። ክብደትን ቀስ በቀስ መጨመር የክንድ እብጠት እንደማያመጣ በጥናት ታይቷል፤ ክንዱን የሚጎዳው ዛሬ ምንም ሳያነሳ ነገ በአንዴ 15 ኪሎ ማንሳት ነው። በግማሽ ኪሎ መጀመር፣ ክንዱ ካልከበደና ካላበጠ በየሳምንቱ ትንሽ መጨመር።

ሥራ ከመግባቷ በፊት የሚታይ ቀላል ፈተና አለ። ግድግዳ ፊት ለፊት ቆማ እጆቿን በጣቶቿ እያስኬደች ወደ ላይ ታውጣ፤ ሁለቱም እጆች እኩል ከፍታ ይደርሳሉ? ጸጉሯን በዚያ እጅ ማበጠር፣ ከጀርባዋ ማሰር ትችላለች? ካልቻለች የላይኛው መደርደሪያና ጥቁር ሰሌዳ ገና ናቸው። ከብብት ወደ ክርን የሚወርድ እንደ ክር የተወጠረ ነገር ከተሰማት ደግሞ አትደንግጥ፤ ከንፍፊት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ የታወቀ ነገር ነው፣ በማፍታታት ይለቃል። ዝም ብላ ከተወችው ግን ክንዷን መዘርጋት ይከለክላታል።

መርፌና_ክር፦
ከስፌት ላይን (ማሽኖቹ ከተደረደሩበት መስመር) በኩል ላውራ። ሰው የሚያስበው ክብደቱን ነው፤ ሲንገር ላይ ለተቀመጠች ሴት ዋናው ችግር ግን ባንድሉ (የሚሰፋው የጨርቅ እስር) የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ባንድል በግራ በኩል ባለ ሳጥን ውስጥ ከሆነና የታከመው ግራ ጡት ከሆነ በየደቂቃው ወደ ጎን እየተዘረጋች ታነሳለች። ሳጥኑን ወደ ቀኝ ማዞር ወይም ከጉልበቷ ከፍታ እኩል በሆነ ወንበር ላይ ማድረግ ብር አያስወጣም። ሄልፐሯ (ረዳቷ) ሙሉ ባንድል በማምጣት ፈንታ ግማሽ ግማሹን ታምጣላት። ወንበሩ ከፍ ሲል ክርኑ ከጠረጴዛው እኩል ይሆናል፣ ትከሻዋም አይነሳም።

ከኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) በኋላ በተለይ ፓክሊታክሰል የሚባለውን መድኃኒት ለወሰደች ሴት ጣትና የእግር ጣት ይደነዝዛል። እዚህ ላይ ሦስት አደጋ አለ፦ መርፌው ጣቷን ሲወጋት አታውቅም፣ ፔዳሉን ምን ያህል እንደረገጠች አይሰማትም፣ ክር መቁረጫው ይወድቅባታል። የጣት መከላከያ የሌለው ማሽን ላይ አትመደብ። ፈጣን ኦቨርሎክ (ጠርዝ መስፊያ ማሽን) ላይም እንዲሁ። ድንዛዜው ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ አንዳንዷ ላይ ግን ይቆያል፣ እና «ኬሞ ካለቀ እኮ ቆየ» ብሎ መከራከር አያዋጣም።

መተኮሻ ክፍልን እርሱት። እንፋሎትና ሙቀት ያበጠን ክንድ ያባብሳል፣ የደነዘዘ ጣት ደግሞ መቃጠሉን አያውቅም። የሚገርመው አለቆች ከላይን ሲያወጧት መጀመሪያ የሚያስቡት መተኮሻን ነው፣ «ቆማ ትሠራለች፣ ዒላማ (የዕለት የምርት ቁጥር) የለውም» ብለው።

ዒላማውን በተመለከተ፦ የሰዓት ቅነሳ ተፈቅዶ የዕለት ዒላማ ካልተቀነሰ ምንም አልተፈቀደም። 4 ሰዓት ለምትሠራ ሴት የ8 ሰዓት ቁጥር ሲጠየቅ እረፍቷን ትተዋለች፣ ውሃ አትጠጣም፣ ሽንት ቤት አትሄድም። ደብዳቤው ላይ ባይሆን እንኳ በሱፐርቫይዘሩ ፊርማ «ዒላማ በሰዓቱ ልክ» ተብሎ ይጻፍ። የላይኑ ድምር ዒላማም አብሮ ካልወረደ ጓደኞቿ የእሷን ቁጥር ይሸከማሉ፤ ቂሙ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የማኅበር_ሰው፦
ሕጉን ሳያውቁ ፈቃድ የሚያባክኑ ብዙ ናቸው። የምናገረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደሩት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ ስላለው እነዚህን ቁጥሮች አይውሰድ።

የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ የሕመም ፈቃዷ ከታመመችበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ በ12 ወር ውስጥ ቢበዛ 6 ወር ነው። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ፣ የቀረው 3 ወር ያለ ክፍያ። ደመወዟ 12,000 ብር ከሆነ 12,000፣ ከዚያ 6,000 እና 6,000፣ ከዚያ ዜሮ።

አሁን ሕክምናውን ደምሩ። በየ21 ቀኑ የሚሰጥ 8 ዙር ኬሞ ወደ 24 ሳምንት ይሄዳል። ቀዶ ሕክምና 4 እስከ 6 ሳምንት። ጨረር 3 እስከ 5 ሳምንት። ሁሉንም በፈቃድ ላሳልፍ ካለች ከ7 ወር በላይ ነው፤ 6 ወሩ ጨረር ላይ ሳትደርስ ያልቃል። አዋጁ ግን ፈቃዱ በተከታታይ ወይም በተለያየ ጊዜ ሊወሰድ እንደሚችል ይላል። ቁልፉ እሱ ነው። ሰውነቷ ከቻለ፦ ለቀዶ ሕክምና 35 ቀን፣ ለእያንዳንዱ የኬሞ ዙር 5 ቀን (40 ቀን)፣ ለጨረር 21 ቀን፤ ድምሩ 96 ቀን። ከዚህ ውስጥ 30ው በሙሉ፣ 60ው በግማሽ ደመወዝ ነው፤ የቀሩትን 6 ቀናት በዓመት ፈቃድ ትሸፍናለች። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያ ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል። የዓመት ፈቃዷን መጀመሪያ ላይ አትብላ፤ ለመጨረሻው ያለ ክፍያ ጊዜ ታስቀምጠው።

«ሰውነቷ ከቻለ» ያልኩት ለይስሙላ አይደለም። ካልቻለች አትችልም።

የ4 እና የ6 ሰዓቱ ነገር፦ ያልተሠራው ሰዓት እንዴት እንደሚከፈል በጽሑፍ ስምምነት ካልተቋጨ በወሩ መጨረሻ ጭቅጭቅ ነው። በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ቦታ ላይ 12 ቀን በ4 ሰዓት ጉድለት፣ 12 ቀን በ2 ሰዓት ጉድለት፣ በድምሩ 72 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም 9 ሙሉ የሥራ ቀን ነው። ከሕመም ፈቃዷ 9 ቀን ይቀነስ ብሎ መስማማት ይቻላል። ለአሠሪውም ቢሆን አንድ ልምድ ያላት ሠራተኛ አጥቶ አዲስ ከማሠልጠን ርካሽ ነው።

ማሰናበትን በተመለከተ፦ አሠሪ በጤና ምክንያት በማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት የሚችለው ሠራተኛዋ ሥራዋን በዘላቂነት መሥራት ካልቻለች ነው። 3 ኪሎ ለ4 ሳምንት የሚል ደብዳቤ «ዘላቂ» አይደለም፤ ገደቡ እንደገና የሚታይበት ቀን ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህም ይታያል። ያለ አግባብ ከተሰናበተች ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «ትንሽ ልረፍና እከሳለሁ» ስትል ጊዜው ያልፍባታል።

ተስፋ_ከአዳማ፦
ጥያቄ አለኝ። የበሽታው ስም ደብዳቤው ላይ መኖር አለበት? ደብዳቤውን ጸሐፊዋ ትከፍተዋለች፣ ማታ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የሰው_ኃይል_ዴስክ፦
ለ«ተስፋ»፦ ሁለት ደብዳቤ ይለዩ። ለረጅም የሕመም ፈቃድ የሚቀርበው የሕክምና ማስረጃ በታሸገ ፖስታ ለሰው ኃይል ኃላፊው በእጅ ይሰጣል፣ በግል ማኅደሯ ይቀመጣል። የገደብ ደብዳቤው ግን ከላይ ናሙናው ላይ እንዳለው የበሽታ ስም አያስፈልገውም፤ ሱፐርቫይዘሩ ማወቅ ያለበት ኪሎውንና ሰዓቱን ነው። የሁለቱንም ቅጂ ራሷ ትያዝ፣ ቅጂው ላይ የደረሰኝ ማኅተምና ቀን ይኑር።

አንድ ተጨማሪ፦ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው በሥራ መሣሪያ፣ በሥራ ሰዓትና በአካባቢው ላይ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ይጠይቃል። ክንዷ ለረጅም ጊዜ ላበጠ ወይም ትከሻዋ ላልተመለሰ ሴት ይህ አዋጅ መጠቀስ አለበት። ደብዳቤ ላይ «እባክዎ ይርዱኝ» ከማለት «ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግልኝ» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ልመና ነው፣ ሁለተኛው የሕግ ቃል ነው።

ሲስተር_ኦንኮ፦
የማኅበር ሰው ያለው የ5 ቀን ስሌት ጥሩ ነው፣ ግን ከ5ኛው ቀን በኋላ ያለውን ሳላስረዳ አላልፍም። በ21 ቀን ዙር ውስጥ ከ1ኛው እስከ 5ኛው ቀን ማቅለሽለሽና ድካም ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነጭ የደም ሴል በጣም የሚወርድበት ነው። መልኳ ጥሩ ነው፣ ትሥቃለች፣ ሁሉም «ደህና ሆነሽ» ይላታል፤ በኢንፌክሽን የመያዝ አደጋዋ ግን የዚያን ጊዜ ነው። ከ15ኛው እስከ 21ኛው ያለው ሳምንት ምርጡ ነው። ሥልጠና፣ ስብሰባ፣ የመስክ ጉዞ፣ ቆጠራ ካለ እዚያ ሳምንት ላይ ይደረግ።

በመካከለኛው ሳምንት ከሚያስል ሰው ጎን አትቀመጥ፣ መስኮት ይከፈት፣ በተጨናነቀ የታክሲ ሰልፍ ሰዓት አትጓዝ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በመግባት ፈንታ 3 ሰዓት ተኩል ገብታ በዚያው ልክ አምሽታ ብትወጣ ግፊያውም ይቀርላታል፤ ታክሲ ውስጥ በክርን የሚመታ ክንድ ቀላል ነገር አይደለም። ካፌ ውስጥ ጥሬ ሥጋና ያልታጠበ ሰላጣ አይበላም።

ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ፓራሲታሞል ወስዳ መጠበቅ የለም። መድኃኒቱ ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያቆመውም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። የሥራ ባልደረባ አንድ ሰው ይህን ይወቅ፤ ማንን መደወል እንዳለበትና የት እንደምትታከም።

ጨረር ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ነው። ማሽኑ ላይ የምትተኛው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ወረፋው ግማሽ ቀን ይበላል። ማሽን ሊበላሽና ቀኑ ሊገፋ ይችላል፤ ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «እስከ ጥር 15» በማለት ፈንታ «15 ክፍለ ጊዜ እስኪሞላ» ይባል። ቆዳው የሚብሰው በመጨረሻው ሳምንትና ካለቀ በኋላ ባሉት 1 እና 2 ሳምንታት ነው። ጨረሩ ባለቀ ማግሥት ሙሉ ቀን መግባት ስሕተት የሚሆነው በዚህ ነው። ጠባብ ዩኒፎርም፣ ሲንተቲክ ሸሚዝ፣ በዚያ ትከሻ የሚንጠለጠል ቦርሳ አይሁን።

ካሽ_ካውንተር፦
ለባንክ ቴለሮች። ማንም የማያነሳው ነገር የካዝና ጉድለት ነው። ጣቷ የደነዘዘች ሴት አዲስ ባለ 200 ብር ኖቶች ሲጣበቁ አይሰማትም። ኬሞው ያመጣው የትኩረት መበታተንም አለ። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ጉድለቱ ከኪሷ ነው የሚወጣው። እንግዲህ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ወይ ከገንዘብ ንክኪ ነፃ የሆነ ዴስክ (ሂሳብ መክፈት፣ ካርድ መስጠት)፣ ወይ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍያ በማሽን ሁለት ጊዜ የሚቆጠርበት መስኮት ትያዝ። ይህን በቃል አትስማማ። በጽሑፍ።

የሳንቲም ከረጢት አታንሳ፣ ካዝናም ሌላ ሰው ይክፈት። ጸጉሯ ላልተመለሰ ሴት የዩኒፎርም ደንቡ ሻሽ ይፍቀድ፤ ይህንን የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ለሌሎቹ ሱፐርቫይዘሮች ቢነግር ጠዋት ጠዋት ከመጠየቅ ትድናለች።

ቾክ፦
ለመምህራንም አጭር ነገር። የሰሌዳውን የታችኛውን ግማሽ ብቻ መጠቀም፣ ረጅም ማስታወሻ በተማሪ ማስጻፍ ወይም አባዝቶ ማደል። ክፍለ ጊዜዎቿ ሦስት ተከታታይ እንዳይሆኑ፣ ክፍሏም ምድር ቤት እንዲሆን ፕሮግራሙ ሳይወጣ መጠየቅ ነው፤ ከወጣ በኋላ የሚቀይር ርዕሰ መምህር ማግኘት እንደ ሎተሪ ነው። የፈተና እርማት ቀኑን ለኬሞው ሳምንት አታድርጉት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
አሜሪካ ላላችሁ፣ ሕጉ ሌላ ነው። ኤፍኤምኤልኤ የሚባለው የፈቃድ ሕግ በ12 ወር ውስጥ እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል፣ ሥራሽም ይጠበቅልሻል። ግን ቢያንስ 12 ወር መሥራት፣ ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት መሙላት፣ አሠሪውም በ75 ማይል ውስጥ 50 ሠራተኛ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱ በሰዓት ተቆራርጦ ሊወሰድ ይችላል፤ ለየሳምንቱ ኬሞ ግማሽ ቀን ግማሽ ቀን እየተባለ። 12 ሳምንቱን በአንዴ የጨረሰች ሴት ለጨረር የሚቀራት የለም፤ የማኅበር ሰው ያለው ስሕተት እዚህም ይሠራል።

ማመቻቸቱ ግን ኤዲኤ በሚባለው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ነው፣ 15 ሠራተኛ ላለው አሠሪ ይበቃል። የነርሲንግ ሆም ረዳቶች ይህን ልብ በሉ፦ በሽተኛ ማንሳት ካልቻላችሁ የማንሻ ማሽን ወይም ሁለት ሰው መጠየቅ ማመቻቸት ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ በ2010 የእኩልነት ሕግ መሠረት ካንሰር ከምርመራው ቀን ጀምሮ እንደ አካል ጉዳት ይቆጠራል፤ በሽታው እስኪብስ መጠበቅ የለባችሁም።

የላይን_ኃላፊ፦
ሁሉንም አነበብኩ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ለአንዷ እንዲህ ስናደርግ ሌሎቹ «እኛም ወገባችንን ያመናል» ይላሉ። ደግሞስ ሕክምናው ካለቀ ምን ቀረ?

ሲስተር_ኦንኮ፦
ለሁለተኛው እኔ ልመልስ። «አልቋል» የሚለው ቃል ያታልላል። ታሞክሲፈን የሚባለው የሆርሞን መድኃኒት 20 ሚሊግራም በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይወሰዳል፤ ድንገት የሚመጣ የሙቀት ወላፈን አለው፣ እንቅልፍ ይሰብራል። ሌሎቹን የሆርሞን መድኃኒቶች፣ አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል የምትወስድ ደግሞ ጠዋት መገጣጠሚያዋ ተቆላልፎ ነው የምትነሳው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይፍታታል። ትራስቱዙማብ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ካለ በየ3 ሳምንቱ እስከ 1 ዓመት ይዘልቃል፣ ልብም በየጊዜው ይታያል። ለእነዚህ ሴቶች የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ቬንትሌተር ወይም መስኮት አጠገብ መቀመጥ፣ ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ለቀጠሮ አንድ ቀን። ትንሽ ስለሆነም ይረሳል።

የሰው_ኃይል_ዴስክ፦
የመጀመሪያውን እኔ። ወገቡን ያመመውም የሐኪም ገደብ ካመጣ ያው ነው፤ ኪሎ፣ ሰዓት፣ ቀን። ቅሬታ የሚፈጠረው ለአንዷ በቃል ሲፈቀድ ነው፤ በአንድ ዓይነት ቅጽ ሲሆን ለማንም ይሠራል። ለባልደረቦች የሚነገረው «ከአሁን ጀምሮ ባንድል ለእሷ ሄልፐር ያመጣል፣ እስከ ኅዳር 8» ነው፣ ምክንያቱ ሳይጠቀስ።

መርፌና_ክር፦
አንድ ጥያቄ ለፊዚዮው። ስሊቩን (ለክንድ እብጠት የሚጠለቀውን ጥብቅ እጅጌ) ሥራ ላይ ታድርግ ወይስ አታድርግ? ጨርቁ ማሽን ውስጥ ይገባል ብለው የሚከለክሉ አሉ።

ፊዚዮ_ነኝ፦
እጅጌው ቆዳ ላይ ጥብቅ ያለ ስለሆነ በልኩ ከተሠራ አይንጠለጠልም፤ የሚያሰጋው የሚንጠለጠል ነጠላ ወይም ሰፊ ሸሚዝ ነው። ግን ክንዷ ላላበጠ ሁሉ ስሊቭ አይታዘዝም። ካበጠ በተለካ ልክ ይገዛል፣ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ይደረጋል፣ ማታ ይወልቃል። በፋርማሲ የሚሸጥ ተራ ፋሻ በግምት አጥብቆ ማሰር እጇ መዳፍ ላይ እብጠት ያመጣል። ሁለት ቢኖራት ጥሩ ነው፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲኖር፤ ላስቲኩ ስለሚላላ በ6 ወር አካባቢ ይቀየራል።

ለመከታተል ሜትር በቂ ነው። ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሁለቱንም ክንድ በአራት ቦታ ትለካ፦ አንጓ፣ ከክርን መታጠፊያ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች፣ ክርን፣ ከክርን 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተለይ ዓርብ ማታ፤ ሰኞ ጠዋት ከተለካ የእረፍት ቀኑ ልዩነቱን ይደብቀዋል። በሁለቱ ክንዶች መካከል የ2 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ከታየ፣ ወይም ቀለበትና ሰዓት መጥበብ ከጀመረ የገደቡ ቀን እስኪደርስ አትጠብቅ። ክንዱ ቀይ ሆኖ ከሞቀና ትኩሳት ካለ ደግሞ ኢንፌክሽን ነው፣ በዚያው ቀን አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። መርፌ ለሚወጋት ሴት ይህ ሁልጊዜ ያለ ነገር ስለሆነ ላይኑ ላይ አልኮልና ፕላስተር በእጅ አጠገብ ይሁን፣ ክሊኒክ ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ ሱፐርቫይዘሩ ጋር አይሁን።